አንድ ሳምንት በስቶክሆልም፦ ቀን ለመጎብኘት፣ ማታ ከበር ላለመመለስ

በየሰመሩ ቤቴ የሚያርፍ እንግዳ አይጠፋም። የአክስቴ ልጅ ከፍራንክፈርት፣ የጓደኛዬ እህት ከዋሽንግተን፣ አንዳንዴም ቀጥታ ከአዲስ አበባ። ሁሉም ወጣት ናቸው። የሚፈልጉትም ያው ነው፤ ቀን ከተማ ማየት፣ ማታ መጨፈር። የሚወድቁበት ቦታም ያው ነው፤ ቅዳሜ እኩለ ሌሊት፣ ክለብ በር ላይ፣ ወረፋው ጭራ ላይ ቆመው።

ምክንያቱም ሌሊቱን ሌሊት ላይ ያስቡታል። ስቶክሆልም ውስጥ ሌሊት የሚበላሸው ቀን ላይ ነው። መታወቂያው፣ ትኬቱ፣ መጠጡ፣ መመለሻ መንገዱ ሁሉ ፀሐይ ሳትጠልቅ ማለቅ አለበት። ስለዚህ እዚህ ከጭፈራው ይልቅ የማወራው ስለ ዝግጅቱ ነው። ቅደም ተከተሉን አትዝለሉ።

ሰዓቱንና ዓመቱን ሁሉ የጻፍኩት በፈረንጅ አቆጣጠር ነው። 22፡00 ማለት በእኛ ከምሽቱ 4 ሰዓት ነው። ቀልድ አይምሰላችሁ፤ 12፡15 የተባለውን የቤተ መንግሥት የዘብ ቅያሪ ማታ ሊያይ የሄደ እንግዳ ነበረኝ።

ደረጃ 1፦ ሳምንቱን መምረጥ

1. ሰኞ ማታ ወይም ማክሰኞ ጠዋት ግቡ። የዚህ ከተማ ምሽት ቀስ እያለ ነው የሚሞቀው። ረቡዕን «ሊሎርዳግ» ይሏታል፤ ትንሿ ቅዳሜ ማለት ነው። ሐሙስ ሰው ከሥራ ወጥቶ ቀጥታ ባር ይገባል። አርብና ቅዳሜ ዋናዎቹ ናቸው። እሑድ ከተማው ይተኛል። ቅዳሜ የሚገባ ሰው ድካሙ ሳይለቀው ዋናው ያመልጠዋል።

2. የወሩን 25ኛ ቀን እዩ። አብዛኛው ሠራተኛ ደመወዝ የሚያገኘው ያን ቀን ነው። ከዚያ ቀጥሎ ያለው ቅዳሜ ይቀወጣል፤ ወረፋውም እንደዚያው። ከዚያ በፊት ያለው ቅዳሜ ቀዝቀዝ ይላል፣ በሩ ግን ይቀላል። ለመጀመሪያ ጊዜ ለሚመጣ ሁለተኛውን እመክራለሁ።

3. ሚድሶማር የሚባለውን የሰመር አጋማሽ በዓላቸውን ሳምንት ዝለሉት። ዋዜማው ከጁን 19 እስከ 25 ባለው አርብ ይውላል። «ረጅሙ ቀን ነው፣ ፓርቲው ያኔ ነው» ብሎ የሚመጣ ሰው ባዶ ከተማ ይጠብቀዋል። ሕዝቡ ገጠር ወጥቷል፣ በሩ ተዘግቷል።

4. ምርጫው የእኔ ቢሆን የኦገስት ሁለተኛ አጋማሽ ነው። ሰው ከእረፍት ተመልሷል፣ ውሃው ሞቋል፣ ከቤት ውጭ ያሉት ክለቦችም ገና ክፍት ናቸው። በዲሴምበር የምትመጡ ከሆነ የቀን ብርሃን 6 ሰዓት ያህል ብቻ ስለሆነ ጉብኝቱን ከ9፡00 እስከ 14፡30 ጨርሱ።

ደረጃ 2፦ ከቤት ሳትወጡ

1. ዋናውን መታወቂያ ያዙ። ፓስፖርት ወይም የአውሮፓ ኅብረት አገር የሰጠው መታወቂያ። ፎቶ ኮፒ አይሆንም፣ ስልክ ላይ ያለ ፎቶም አይሆንም።

ያክስቴ ልጅ ይህን አልሰማኝም። «ፓስፖርት ይዤ ልጨፍር?» ብሎ ሆስቴል ትቶት ወጣ። 50 ደቂቃ ተሰልፈን በሩ ጋ ደረስን። ጋርዱ ስልኩን ተቀበለው፣ ፎቶውን አየው፣ በሁለት ጣቱ ይዞ መለሰለት። ምንም አልተናገረም፤ ከኋላችን ላለችው ልጅ እጁን ዘረጋ። ሆስቴል ሄደን ስንመለስ ወረፋው ተዘግቷል። ያን ሌሊት የጨፈርነው የቋሊማ ኪዮስክ ፊት ለፊት ነው፤ ብርዱን ለመከላከል።

ፓስፖርቱ እንዳይጠፋባችሁ ዚፕ ያለው የውስጥ ኪስ ይኑራችሁ።

2. ዕድሜያችሁን ከየቤቱ ደንብ ጋር አስተያዩ። ባር ውስጥ ለመጠጣት ሕጉ 18 ይላል። ክለቦች ግን የራሳቸውን ያወጣሉ፤ 20 የሚሉ አሉ፣ 23 የሚሉ አሉ፣ ከዚያም ከፍ የሚያደርጉ አሉ። የመንግሥት መጠጥ መደብር ደግሞ 20 ነው። ከመካከላችሁ 19 ዓመት የሆነው ካለ ሌሊቱ የሚታቀደው በእሱ ነው። ሌላው ውስጥ እየጨፈረ ትንሹን ደጅ ማቆም ነውር ነው።

3. ሁለት የባንክ ካርድ ያዙ፣ በተለያየ ኪስ። ካሽ እርሱት። አውቶቡስ አይቀበልም፣ ብዙ ካፌም አይቀበልም። የሕዝብ መጸዳጃ ቤት እንኳን ካርድ ይጠይቃል። ስዊሽ የሚባለው የስልክ ክፍያ የስዊድን ባንክ ሂሳብ ለሌለው አይሠራም፤ «ስዊሽ?» ሲሏችሁ «ካርድ» በሉ። ካርዳችሁ የኢትዮጵያ ባንክ ከሆነ ውጭ አገር እንደሚሠራና የቀን ጣሪያው ስንት እንደሆነ ሳትበሩ ጠይቁ።

4. ሆስቴል ስትይዙ ስለ አንሶላ አንብቡ። የስዊድን ሆስቴል ብዙውን ጊዜ አንሶላና ፎጣ ለብቻ ያስከፍላል። አንሶላ፣ የትራስ ልብስና ፎጣ ከቤት ብትይዙ ይህን ወጪ ታመልጣላችሁ። ሜትሮ ጣቢያ አጠገብ ያለ ይሁን። 100 ክሮና ለመቆጠብ ብላችሁ ከተማ ዳር የያዛችሁት አልጋ በታክሲ ይበላባችኋል።

5. ጫት አትያዙ። ለጓደኛ ስጦታ፣ ለአንድ ምሽት፣ ደርቆ፣ ተፈጭቶ፤ በምንም መልኩ። ስዊድን ውስጥ ከ1989 ጀምሮ አደገኛ ዕፅ ነው። በዚህ አገር መያዝ ብቻ ሳይሆን መጠቀሙም ወንጀል ነው፤ ፖሊስ ከጠረጠረ ሽንት ወይም ደም ያስመረምራል። «እኛ አገር ሕጋዊ ነው» የሚለው መልስ ማንንም አላዳነም።

ደረጃ 3፦ ከኤርፖርት አልጋችሁ ድረስ

1. ትኬታችሁ ላይ የትኛው ኤርፖርት እንደተጻፈ እዩ። አርላንዳ ከሆነ ጥሩ። ስካቭስታ ከሆነ ስሙ «ስቶክሆልም» ይበል እንጂ 100 ኪሎ ሜትር ያህል ይርቃል። የአውቶቡሱን ዋጋና ጊዜ ደምራችሁ ነው ርካሽ መሆኑን የምታውቁት።

2. ከአርላንዳ ፈጣኑ ባቡር 20 ደቂቃ ገደማ ይፈጃል፣ ውድ ነው። ተራው የከተማ ዳርቻ ባቡር 40 ደቂቃ ያህል ነው፤ ግን ለኤርፖርቱ ጣቢያ ተጨማሪ ያስከፍላል። ርካሹ መንገድ አውቶቡስ 583 ነው። በእሱ እስከ መርስታ፣ ከዚያ በባቡር ወደ መሃል ከተማ። ከአንድ ሰዓት ትንሽ ያልፋል፣ ተጨማሪ ክፍያ ግን የለውም፤ የከተማው ትራንስፖርት የኤስ ኤል ትኬት ይበቃል።

3. የ7 ቀን የኤስ ኤል ትኬት እዚያው ግዙ። ነጠላው 75 ደቂቃ ብቻ ያገለግላል። የሳምንቱ ዋጋ የ10 ወይም የ11 ነጠላ ጉዞ ያህል ነው። ቀን እየጎበኘ ማታ የሚወጣ ሰው ይህን በሦስት ቀን ያልፈዋል። ሜትሮ፣ አውቶቡስ፣ ትራም፣ አንዳንድ ጀልባም ይካተታል።

ከተበላሸ፦ ትኬቱ ስልካችሁ ላይ ሆኖ ባትሪ ካለቀ ትኬት የላችሁም ማለት ነው። ተቆጣጣሪ ካገኛችሁ ቅጣቱ ከ1,000 ክሮና በላይ ነው። ፓወር ባንክ ከኪስ አይጥፋ።

ታክሲ መያዝ ግድ ከሆነ የኋላ መስኮቱ ላይ የተለጠፈውን የዋጋ ወረቀት አንብቡ። የታክሲ ዋጋ እዚህ ነፃ ነው፤ አንዱ የሌላውን ሦስት እጥፍ ሊጠይቅ ይችላል፣ ሕጋዊም ነው። ስንት እንደሚሆን ተነጋገሩ፣ ከዚያ ግቡ። ካልተስማማችሁ ወደሚቀጥለው ሂዱ። የሰልፉን መጀመሪያ የመያዝ ግዴታ የለባችሁም።

ደረጃ 4፦ ቀኖቹ

ደንቡ አንድ ነው፤ በቀን አንድ ትልቅ ነገር። ሦስት ሙዚየም ያየ ሰው ማታ ወንበር ላይ ይተኛል።

ማክሰኞ፦ ጋምላ ስታን

ከ10፡00 በፊት አሮጌው ከተማ ግቡ፤ ከዚያ በኋላ የጉብኝት ቡድን ይሞላዋል። ሞርተን ትሮትሲግ የሚባለውን ቀጭን መተላለፊያ ፈልጉ። ጠባቡ ቦታ ላይ 90 ሴንቲ ሜትር ነው፤ ሁለት ሰው ትከሻ ለትከሻ አያልፍም፣ አንዱ ጎኑን ማዞር አለበት። የዘብ ቅያሪውን ማየት ካማራችሁ በሰመር በሥራ ቀን 12፡15፣ እሑድ 13፡15 ነው። ሩብ ሰዓት ቀድማችሁ ቁሙ። ማታ በስሉሰን በኩል ወደ ሶደርማልም ወጥታችሁ ሞንቴሊዩስቬገን የሚባለው የእግር መንገድ ላይ ፀሐይ ስትጠልቅ እዩ። በነፃ ነው። ጁን አጋማሽ ላይ 22፡00 ገደማ ስለምትጠልቅ ጃኬት ያዙ፤ ውሃ ያለበት ከተማ ማታ ይቀዘቅዛል።

ረቡዕ፦ ዩርጎርደን ደሴት

1. ከስሉሰን መስመር 82 ጀልባን ያዙ። የሳምንት ትኬታችሁ ይሠራል። አጠገቡ የቱሪስት ጀልባ የሚሸጡትን እለፏቸው።

2. ቀጥታ ቫሳ ሙዚየም ሂዱ። ሲከፈት ግቡ። በ1628 ኦገስት 10 በመጀመሪያ ጉዞው 1,300 ሜትር ያህል ብቻ ተጉዞ የሰመጠ፣ በ1961 ደግሞ ከባሕር የወጣ የጦር መርከብ ነው። ውስጡ ጨለም ያለና ቀዝቃዛ ነው፤ እንጨቱ እንዳይበላሽ ነው። ሹራብ ያዙ።

3. ላይ ላዩን አይታችሁ አትውጡ። መጀመሪያ አጭሩን ፊልም፣ ከዚያ እስከ ታች ውረዱ። ከታች ቀና ስትሉ ለምን እንደሰመጠ ራሱ ይታያችኋል፤ ላዩ ከባድ፣ ታቹ ቀጭን። የመድፍ መስኮቶቹን ክዳን ውስጠኛ ጎን እዩ። የአንበሳ ፊት ተቀርጾባቸዋል፣ አፋቸውን ከፍተው።

የሙዚቃ ቡድኑን የአባን (ABBA) ሙዚየም የምትፈልጉ ሰዓት ይዛችሁ በኢንተርኔት ክፈሉ፤ ካሽ አይቀበልም። ስካንሰን የሚባለው የደጅ ሙዚየም ሰፊ ስለሆነ ለብቻው ግማሽ ቀን ይፈልጋል፤ ከቫሳ ጋር አታጭቁት።

ሐሙስ፦ ማዘጋጃ ቤቱና ሜትሮው

የኖቤል እራት የሚበላበት ማዘጋጃ ቤት በአስጎብኚ ብቻ ነው የሚታየው። ጠዋት ሄዳችሁ የእንግሊዝኛውን ዙር ትኬት ያዙ። ማማው የሚከፈተው በሞቃቶቹ ወራት ነው።

ከሰዓት ዝናብ ከጣለ (ይጥላል) ሜትሮ ውስጥ ቆዩ። ጣቢያዎቹ በሥዕል የተሞሉ ናቸው። ከቴ-ሴንትራሌን ሰማያዊው መስመር ጀምሩ፣ ኩንግስትሬድጎርደን ድረስ፣ ከዚያ ተመልሳችሁ ሶልና ሴንትሩም፤ ቀዩ ዋሻ ያለው እሱ ነው። ከ10፡00 እስከ 15፡00 ባለው ሰዓት ሥሩት። ኤስካሌተር ላይ በቀኝ ቁሙ። በግራ የቆመ ሐበሻ ከኋላው የሚሰማው የትንፋሽ ድምፅ አለ።

አርብ ቀለል ይበል፤ ሎንግሆልመን ላይ ዋኙ፣ ከሰዓት ተኙ። ቅዳሜ ከ12፡00 በፊት ምንም አታቅዱ። እሑድ ቫክስሆልም የምትባለው የደሴት ከተማ ሂዱ። ሲሄዱ ከስትሮምካየን በጀልባ አንድ ሰዓት ገደማ ነው፣ ሲመለሱ አውቶቡስ 670 በሳምንት ትኬታችሁ።

ምግብ፦ ዋናውን ምሳችሁን በሥራ ቀን ከ11፡00 እስከ 14፡00 ብሉ። «ዳገንስ ሉንች» ብላችሁ ጠይቁ፤ የቀኑ ምሳ ማለት ነው። ሰላጣ፣ ዳቦና ብዙ ጊዜ ቡናም ተጨምሮበት ነው ዋጋው፤ ያው ሳህን ማታ በጣም ይወደዳል። የቧንቧ ውሃ ንጹሕ ነው፣ ጠርሙስ አትግዙ። እንጀራ ካማራችሁ ሪንከቢና ሁስቢ አካባቢ የሐበሻ ሱቅ አታጡም።

ደረጃ 5፦ ሌሊቱ

ሀ. ቀን ላይ የሚያልቁ ነገሮች

1. መጠጥ። ከ3.5 በመቶ በላይ አልኮል ያለውን ለቤት የምትገዙት ሲስተምቦላጌት ከሚባለው የመንግሥት መደብር ነው። ቅዳሜ አብዛኛው 15፡00 ላይ ይዘጋል። እሑድ ጭራሽ አይከፈትም። የቅዳሜውን አርብ ግዙ። ካመለጣችሁ ሱፐርማርኬት ውስጥ ያለው ቀላል ቢራ ነው የሚቀራችሁ።

2. ቀድሞ መሰባሰብ። የባር ዋጋ ስለሚያስደነግጥ ልጆቹ መጀመሪያ ቤት ይሰበሰባሉ፤ «ፎርፌስት» ይሉታል። ከተጋበዛችሁ የራሳችሁን መጠጥ ይዛችሁ ሂዱ፣ የሰው ጠርሙስ አትንኩ። እዚህ «ጠጣ እንጂ!» የሚል አጎት የለም። ጫማ በር ላይ ይወለቃል፣ ካልሲያችሁን እዩ። በልታችሁ ጀምሩ። ሰክራችሁ በር ላይ ከደረሳችሁ አትገቡም፤ ጨዋታው እዚያ ያልቃል።

3. ሰፈር መምረጥ። ስቱሬፕላን ሸሚዝና ጥሩ ጫማ ይፈልጋል፤ ውድ ነው፣ በሩም ይመርጣል። ሶደርማልም በስኒከር ይገባል። ግሎብ ከሚባለው ክብ አዳራሽ አጠገብ ያለው ስላክትሁስ የድሮ ቄራ ሰፈር ነው፤ ቴክኖ ለሚወድ። ትሬድጎርደን ስካንስቱል ድልድይ ሥር ያለ የሰመር ክለብ ነው። ረቡዕን በጃዝ ጀምሩ፤ ኩንግስጋታን ላይ ፋሺንግ አለ፣ ጋምላ ስታን ውስጥ ስታምፐን አለ። በሩ አያስጨንቅም፣ የሙዚቃው ደረጃ ደግሞ አሪፍ ነው።

4. ትኬት። ቀድሞ የሚሸጥ ከሆነ ግዙ። ለአርብና ለቅዳሜ ሁለተኛ ቤት ይኑራችሁ፣ ከመጀመሪያው በእግር የሚደረስ።

ለ. በሩ ላይ

1. 22፡00 ላይ ድረሱ። ብዙ ቤት ቀድሞ ለገባ በነፃ ወይም በቅናሽ ያስገባል። እኩለ ሌሊት የመጣ ሙሉ ከፍሎ ይሰለፋል።
2. ስምንት ወንድ ሆናችሁ አትቁሙ። ሦስት ሦስት ሁኑ፣ ሴቶች ካሉ ተቀላቀሉ።
3. መታወቂያውን በሩ ጋ ሳትደርሱ አውጡ። ስልክ ኪስ ይግባ፣ ድምፅ ይቀነስ።
4. ጉቦ አትሞክሩ። «ጓደኛዬ ውስጥ ነው» አትበሉ፤ በየሌሊቱ ስንት ጊዜ እንደሚሰሙት አስቡት።
5. ኮት አስቀምጡ፤ ይከፈልበታል፣ በቅዝቃዜው ወራት ግዴታ የሚያደርጉ አሉ። የቁጥሩን ፎቶ አንሱ።

ቢመልሷችሁ፦ «ፉልት» ካሉ ሞልቷል ማለት ነው፤ መጠበቅ ይቻላል። «ኢንተ ኢክቬል» ካሉ ዛሬ አይሆንም ነው፤ አልቋል። አትከራከሩ። «ኦርድኒንግስቫክት» የሚል ባጅ ያለው ጥበቃ ከፖሊስ የተሰጠው ሥልጣን አለው፣ በጉልበትም ሊያስወጣ ይችላል። ወደ ሁለተኛው ቤት ሂዱ።

የመለሷችሁ በቆዳ ቀለማችሁ ምክንያት እንደሆነ ከተሰማችሁ፣ ደግሞ ያጋጥማል፣ በሩ ላይ አትጣሉ። ሰዓቱን፣ ቦታውን፣ የተባለውን ቃልና ያየውን ሰው ስልክ ጻፉ። አድልዎን የሚመለከት የመንግሥት ቢሮ አለ፤ ዲስክሪሚኔሪንግስኦምቡድስማነን ይባላል። ጠዋት ሰከን ብላችሁ በኢንተርኔት ክሱን ታስገባላችሁ።

ሐ. ከገባችሁ በኋላ

ውሃ በነፃ ጠይቁ፤ በየሁለት መጠጡ አንድ። ባርማኑ የሰከረ ሰው እንዳያስተናግድ ሕግ ይከለክለዋል፤ «በቃህ» ካለ ባር ብትቀይሩም አይጠቅምም። ከ2019 ጀምሮ መጠጥ በሚቀርብበት የውጭ ወንበር ላይ ማጨስ ክልክል ነው፤ የሚያጨስ ራቅ ይላል።

ይህን ደግሞ ወንዶች በደንብ አንብቡ። በ2018 የወጣው ሕግ እሺታ ያልተሰጠበትን ወሲብ በሙሉ ወንጀል ያደርጋል። ዝምታ እሺታ አይደለም፣ መሳቅ እሺታ አይደለም፣ አብሮ ወደ ቤት መሄድም እሺታ አይደለም። ጠይቁ። ከሰከረች አይሆንም።

መ. መመለስ

ብዙ ባር 01፡00 ይዘጋል፣ ክለብ 03፡00፣ ጥቂቶች 05፡00። ከመዘጋቱ ግማሽ ሰዓት ቀድማችሁ ኮታችሁን ውሰዱ፤ በመጨረሻዋ ሰዓት የኮት ወረፋው ከመግቢያው ይብሳል። አርብና ቅዳሜ ሜትሮው ሌሊቱን ሙሉ ይሠራል። በሌላው ቀን 01፡00 ገደማ ስለሚቆም የሌሊት አውቶቡሱን ቁጥር ከመውጣታችሁ በፊት ስልካችሁ ላይ ያዙ። ኤሌክትሪክ ስኩተር ጠጥታችሁ አትንኩ።

ሰው ከተጎዳ 112። ለሕክምና ምክር 1177። ፓስፖርት ከጠፋ ወይም ስልክ ከተሰረቀ ፖሊስ 114 14፤ የሪፖርቱን ቁጥር ያዙ፣ ኤምባሲም ኢንሹራንስም ይጠይቃችኋል።

ደረጃ 6፦ ሰኞ መውጣት

1. ሆስቴሉ የመውጫ ጽዳት ይጠይቅ እንደሆነ እሑድ ማታ እዩ። ካላጸዳችሁ የሚያስከፍሉ አሉ።
2. ባዶ ጣሳና የፕላስቲክ ጠርሙስ ሱፐርማርኬት ያለው ማሽን ውስጥ ክተቱ። «ፓንት» ይባላል፤ ስትገዙ ያስያዛችሁትን ይመልሳል። የሳምንቱ ክምችት የጠዋት ቡና ይወጣዋል።
3. የሳምንት ትኬታችሁ የሚያልቅበትን ሰዓት እዩ።  ከመሄዳችሁ በፊት ካለቀ በመርስታ ለምትሄዱበት መንገድ ነጠላ ይበቃል፣ 75 ደቂቃው እንዳያልፍ ብቻ።
4. የተረፈ ጠርሙስ በእጅ ሻንጣ ፍተሻውን ላያልፍ ይችላል። ትልቅ ሻንጣ ካላስጫናችሁ ላሳረፋችሁ ሰው ተዉለት። ቤቴ ያረፋችሁ ማስቀመጫው ከፍሪጁ በላይ ያለው ቁም ሣጥን ነው፣ በስተቀኝ።